ያንክተኖች ዳኮታ ናቸው ወይስ ናኮታ? ስለ ‹ሱ› ቋንቋና ስለ ዘዬዎቹ የተከፈተ ክር

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ሱ ፎልስ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ዛሬ የምጠይቃችሁ ግን ስለ ቋንቋ ነው።

ከምንከባከባቸው አረጋውያን መሀል አንዲት እናት አሉ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ያንክተን ከሚባለው ወገን ናቸው። ዕድሜያቸው ስለገፋ እንግሊዝኛው እየራቃቸው ሄዷል። ሌሊት ሲነቁ የሚወጣቸው ከእናታቸው አፍ የሰሙት ቋንቋ ብቻ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደወሉን ተጫኑ። ስገባ ከንፈራቸው ደርቋል። «ምኒ ማቁ» አሉኝ። አብራኝ የነበረችው አሜሪካዊት ልጅ «ማኩ» ብላ ደገመችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን «ቁ»ዋን ለይቼ ሰምቻት ነበር። የኛው «ቁ» ናት። ቁርስ፣ ቁልፍ ስንል የምናወጣት። «ማቁ» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና እጄን ያዙ። ብርጭቆውን እስኪጨርሱ አልለቀቁኝም።

ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ ትርጉሙን ነገረችኝ። ምኒ ውሃ ነው። ማቁ ደግሞ ስጪኝ። እሷ የምታውቀው እንዲህ ያሉ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ሳስበው ገረመኝ። «ለእኔ» የምትለዋ «ማ» ከግሱ ጋር ተጣብቃለች። ግሱም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ብዙ ቦታ ያነበብኩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ‹ሱ› የሚባለው ቋንቋቸው ሦስት ዘዬ አለው፤ ላኮታ፣ ናኮታ፣ ዳኮታ። ያንክተኖች «ናኮታ» ናቸው ይላል። እኔም እሳቸውን ለማስደሰት አንድ ቀን ቁርስ ሳቀርብ «ናኮታ?» አልኳቸው። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «ዳኮታ» አሉኝ። ድጋሚ፣ ቀስ ብለው፣ «ዳኮታ»።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የተጻፈውን ልመን ወይስ እሳቸውን?

(‹ሱ› የሚለውን በጥቅስ ውስጥ የማስቀምጠው ‹የእሱ ቋንቋ› ተብሎ እንዳይነበብ ነው። ስሙን ያመጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ የሰሙት ከጎረቤቶቹ ከኦጂብዌዎች ነው። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው በሌላ ስም ነው። ሰባቱ ወገኖች አንድ ላይ ሲጠሩ ኦቼቲ ሻኮዊን ይባላሉ፤ ሰባቱ የሸንጎ እሳቶች ማለት ነው።)

ምላሾቹ

ክሩ አራት ቀን ሞላው። አዲስ የሚገባ ሰው የተመለሰውን ጥያቄ እየደገመ ስለሆነ፣ የተባለውን በየተራ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ።

1. የመጀመሪያው መልስ የመጣው ራፒድ ሲቲ ከሚኖር ወንድም ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ በትሕትና ነው የጻፈው። ሦስት ፊደል ብቻ ያዢ ይላል። ምዕራቦቹ «ል» ይላሉ፣ መሀሎቹ «ን»፣ ምሥራቆቹ «ድ»። ወዳጅ ለሚለው ቃል ኮላ፣ ኮና፣ ኮዳ። የሕዝቡም ስም የመጣው ከዚሁ ከወዳጅነት ነው። ለማስረጃ የጠቀሰው የሳውዝ ዳኮታን ሕግ ነው። ግዛቱ በ2019 የኦቼቲ ሻኮዊንን ቋንቋ ይፋዊ የነባር ሕዝብ ቋንቋ ሲያደርግ ሦስት ዘዬዎች ብሎ ዘርዝሯል፤ ዳኮታ፣ ላኮታ፣ ናኮታ። ሲጨርስ ሴትየዋ በእርጅና ተምታቶባቸው ይሆናል አለ። ይቺ የመጨረሻዋ ከነከነችኝ። ቢሆንም ክፋት እንደሌለበት ያስታውቃል።

2. ሚኒያፖሊስ የምትኖር ሥነ ልሳን ያጠናች እህት መጣች። ሴትየዋ ምንም አልተምታታባቸውም ብላ ነው የጀመረችው። ዳግላስ ፓርክስና ሬይመንድ ዲማሊ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በየማኅበረሰቡ እየዞሩ ሰዎቹ እንዴት እንደሚናገሩና ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ አጥንተዋል። ውጤቱ በ1992 ታትሟል። ያንክተኖችና ያንክቶናዮች ራሳቸውን ዳኮታ ነው የሚሉት። «ን» የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ አሲኒቦይንና ስቶኒ የሚባሉት፣ ሞንታናና ካናዳ ውስጥ ያሉት። እነሱ የቅርብ ዘመድ ናቸው እንጂ የዚህ ቋንቋ መሀለኛ ዘዬ አይደሉም።

ስለዚህ በትክክል ሲከፈል እንዲህ ነው ትላለች። በምዕራብ ላኮታ። በመሀል ምዕራባዊ ዳኮታ፣ ማለትም ያንክተንና ያንክቶናይ። በምሥራቅ ደግሞ ምሥራቃዊ ዳኮታ፣ እነ ሳንቲና ሲሴተን። ስህተቱ ከየት መጣ ለሚለውም መልስ አላት። ያንክተኖች በአንዳንድ ቃል መጨረሻ ላይ በእርግጥ «ና» ይላሉ። ወንድ ልጅ በላኮታ ሆክሺላ ነው፣ በሳንቲ ሆክሺዳን፣ በያንክተን ሆክሺና። ይቺን የሰማ የውጭ ሰው ስማቸውም በ«ን» መጀመር አለበት ብሎ ደመደመ። ከዚያ አንዱ ከሌላው እየቀዳ ቀጠለ።

ይህን ሳነብ ሺፍት ልገባ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

3. የራፒድ ሲቲው ወንድም ተመለሰ። ሕጉ እኮ ግልጽ ነው፣ ያጸደቁትም የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ጽሑፍ ይህን ሁሉ አያፈርስም ይላል። ደግሞም ራሳቸው ከነገዱ የሆኑ፣ ዛሬ ናኮታ ነን የሚሉ ሰዎች አጋጥመውታል።

4. እህታችን በዚህኛው ላይ ጠንከር አለች። ሕግ አውጪዎች መጽሐፍ ላይ ያገኙትን ገልብጠው ጻፉ እንጂ የያንክተንን ሽማግሌዎች አፍ አልቀየሩም። ዛሬ ናኮታ ነን የሚሉ መኖራቸውን አልካደችም። ቃሉ በትምህርት ቤትና በታፔላ ዞሮ ወደ ልጆቹ ተመልሷል፤ እነሱን የመውቀስ መብትም የለንም ትላለች። ግን አንዲት አሮጊት ሌላ ነገር ሲረሳቸው ያልረሱትን ስም ተምታታባቸው ማለት ነውር ነው። ቃሉ ከበድ ያለ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም።

ያነሳቻት አንዲት ሰው ታሪክ ልቤን ነካው። ኤላ ዴሎሪያ ትባላለች። በ1889 ተወለደች። ትውልዷ ያንክተን ነው፣ ያደገችው ግን ስታንዲንግ ሮክ በሚባለው የነባር ሕዝብ ይዞታ ውስጥ፣ ላኮታ በሚናገሩ ልጆች መሀል። ሁለቱንም ዘዬ በጆሮዋ ይዛ አደገች። ከአንትሮፖሎጂ ምሁሩ ከፍራንዝ ቦአስ ጋር ሆና በ1941 የቋንቋውን ሰዋስው አሳተመች። የተመሠረተው በአብዛኛው በላኮታው ዘዬ ላይ ነው። ስሙ ግን የዳኮታ ሰዋስው ነው። ያንክተኗ ዴሎሪያ ለመላው ቋንቋ የተጠቀመችው «ዳኮታ» የሚለውን ነው።

5. ሚኒያፖሊስ ታክሲ የሚነዱ፣ እዚህ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ገቡ። ከተማው መሀል ስላለው ትልቅ ሐይቅ ነው የጻፉት። ድሮ ካልሁን ይባል ነበር፣ ባርነትን ይደግፍ በነበረ ፖለቲከኛ ስም። አሁን ታፔላው ላይ ብዴ ማካ ስካ ተብሎ ተጽፏል፤ ነጭ መሬት ሐይቅ እንደማለት ነው። ግዛቱ በ2018 ስሙን መለሰ፣ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2020 በሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸና። ጋሼ የገረማቸው «ብዴ» የምትለዋ ናት። ላኮታ የሆነ ተሳፋሪ ብሌ ብሎ ሲያነብላቸው ተሳስቶ መስሏቸው ነበር። አሁን ከቁጥር 2 ሲያነቡ ገባቸው። ሐይቅ በዳኮታ ብዴ ነው፣ በላኮታ ብሌ። ሰውየው ታፔላውን ያነበበው በራሱ ዘዬ ነው።

6. አንድ ሰው ስም በመቀየር ዳቦ አይገኝም፣ ጂፒኤሱንም አምታታው ብሎ አማረረ።

7. ጋሼ በሁለት መስመር መለሱለት። ቀድሞ የነበረው ስም እኮ ይኸኛው ነው። ሚኒሶታም ቢሆን የዳኮታ ቃል ነው፤ ምኒ ያው ውሃ ነው፣ የእህታችን ሴትዮ የለመኑት ውሃ። ሰውየው አልተመለሰም።

8. ከዲሲ የጻፈ ወንድም ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። «ቁ» ካላቸውና ግሱን መጨረሻ ላይ ካደረጉ፣ ከእኛ ጋር ዘመድ መሆን አለባቸው ይላል። ረጅም ነው የጻፈው። ከግዕዝ ተነስቶ ውቅያኖስ ተሻግሯል።

9. የሥነ ልሳኗ እህት ትዕግሥቷ አለቀ። ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱት ድምፆች በጆርጂያኛም አሉ፣ በደቡብ አሜሪካው ኬቹዋም አሉ፣ በናቫሆም አሉ። ግሱን መጨረሻ ማድረግ ከሆነ ጃፓንኛና ቱርክኛም ያደርጉታል። ሰው ባየው መመሳሰል ሁሉ ዝምድና እየፈጠረ የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ባይወስድበት ጥሩ ነው አለች። መጨረሻው ላይ ግን ጥሩ ነገር ሰጠችን። ዝምድና ባይኖርም አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቋንቋ ሲማር አንድ ትልቅ እንቅፋት ተነስቶለታል። «ቃ» ማለት መቆፈር ነው። «ጣ» መሞት ነው። «ጶ» ጭጋግ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እነዚህን ለመለየት ወራት ይፈጅበታል። እኛ በፊደላችን ጽፈን እናነባቸዋለን። የሚያስቸግረን ሌላው ነው፤ በትንፋሽ የሚወጣውን «ክ» ከደረቁ «ክ» መለየት፣ በአፍንጫ የሚወጡትንም አናባቢዎች።

ከሥራ ስወጣ በረዶው ላይ ጭጋግ ወርዶ ነበር። ጶ አልኩ ጮክ ብዬ። ሳይታወቀኝ ነው።

10. የዲሲው ወንድም ተቀየመ። መማር ማለት መሰደብ ከሆነ ይቅርብኝ ብሎ ወጣ።

11. ነርስ የሆነች እህት በጨዋ ቋንቋ መከረችኝ። የታካሚ ምስጢር ነገር እንዳልዘነጋ፣ ስምና ቦታ እንዳልጽፍ። ልክ ናት። ከመነሻው ጽሑፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አጥፍቻለሁ።

12. ካልጋሪ የሚኖር ሰው ስለ «ን» የምር የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ወደ ባንፍ ሲነዳ ሞርሊ የምትባለውን ቦታ ያልፋል። ስቶኒ ናኮዳ የሚለው ስም መንገዱ ዳር ተጽፎ ያያል። እዚያ «ን» የራሳቸው ነው፣ ማንም አልለጠፈባቸውም። አንድ የሥራ ባልደረባው ስቶኒ ነው። ሳውዝ ዳኮታ ሄዶ ላኮታ ሲያወሩ ቢሰማ ቃላት ቃላት ነው የያዘው፣ ወሬውን አልተከታተለውም። ላኮታና ዳኮታ ግን እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። ይቺ ምላሽ አጭር ናት፣ ግን የክሩን ጥያቄ ከየትኛውም በላይ አጠራችልኝ። እነዚህ ሌሎች ናቸው፣ እኔ የማውቃቸው እናት ደግሞ ሌላ።

13. ከዊኒፔግ የጻፈችው እህት ዳኮታዎች ማኒቶባ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ጠይቃ ራሷው መለሰችው። ነገሩ ወደ 1862 ይመልሰናል። በሚኒሶታ በዳኮታዎችና በአሜሪካ መንግሥት መካከል ጦርነት ተነሳ። በውሉ መሠረት የሚሰጣቸው ገንዘብና እህል ዘግይቶ ሰው ይራብ ነበር። ጦርነቱ በሳምንታት አለቀ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 26፣ ማንካቶ ከተማ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ሴቶቹን፣ ሕፃናቱንና ሽማግሌዎቹን፣ ወደ 1,600 ሰው፣ ፎርት ስኔሊንግ ከሚባለው የጦር ምሽግ ሥር በአጥር ዘግተው አከረሙ። በዓመቱ ከሚኒሶታ አስወጧቸው፤ ክሮው ክሪክ፣ ከዚያ ነብራስካ። ሌሎቹ ድንበር ተሻግረው ካናዳ ገቡ። ካርታው ላይ ምሥራቃዊው ዘዬ ተበታትኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ከእኔ ቤት በሰሜን በኩል የምትገኘው ፍላንድሮም እንደዚሁ፤ ነብራስካ ከሰፈሩት ሳንቲዎች ተነጥለው የወጡ ቤተሰቦች በ1869 የቆረቆሯት ናት።

እዚህ ላይ ጋሼ ቁጥር ሳይሰጣቸው ጣልቃ ገቡ፤ የቀድሞ መልሳቸውን አርመው ነው የጨመሩት። ፎርት ስኔሊንግ ከኤርፖርቱ አጠገብ ነው። ተራ ሲጠብቁ ስንት ዓመት ወደዚያ እያዩ ሻይ ጠጥተዋል። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን ቦታ ዳኮታዎች ብዶቴ እንደሚሉት ያወቁት ገና አሁን ነው። ተሳፋሪ አድርሰው ሲመለሱ ወርደው ቆመው እንደነበር ጽፈዋል። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ማንም ስላላነሳው እኔ አነሳዋለሁ። ከስቅላቱ የተረፉት ወንዶች አዮዋ ውስጥ ዳቬንፖርት ታስረው ነበር። እስር ቤት ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ መጻፍ ተማሩ። ለቤተሰቦቻቸውና ለሚሲዮናውያን የጻፏቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ቋንቋው ወረቀት ላይ በብዛት በገዛ ልጆቹ እጅ የሰፈረበት ቦታ እስር ቤት ነበር።

14. አንድ ሰው፣ ምናልባት ሳያስበው፣ ልጆቻቸውን ያላስተማሩት ወላጆቹ ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ጻፈ።

15. ይህን የመለሰችው የዊኒፔጓ እህት ናት። ተቆጥታለች። ካርላይል የሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት በ1879 ተከፈተ። ሌሎች ብዙ ተከተሉት። በ1887 ደግሞ የመንግሥት ትእዛዝ ወጣ፤ በነባር ቋንቋ ማስተማር ተከለከለ። በቋንቋው የተናገረ ልጅ ይገረፍ ነበር፣ አፉ በሳሙና ይታጠብ ነበር። ያ ልጅ አድጎ ወላጅ ሲሆን ልጁን ዝም ያሰኘው ሊያድነው ብሎ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ እነዚህን ቋንቋዎች መጠበቅ አለብኝ ያለው በ1990 ነው፤ መቶ ዓመት አልፎ። ላኮታን አፍ የፈቱበት ዛሬ 2,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል፣ አብዛኞቹም አረጋውያን ናቸው።

የእኛዎቹን እናት ልጅ አስታወስኳት። የስልሳ ዓመት ሴት ናት። እናቷ ሲያወሯት ትስቃለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

16. ክርክሩ ወደ አጻጻፍ ዞረ። አንድ ሶፍትዌር የሚሠራ ወንድም ስልክ ላይ ለመጻፍ ስለሚያስቸግሩት ምልክቶች አነሳ። የመጀመሪያውን ፊደል ያበጁት ፖንድ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በ1834 መጥተው የሰፈሩት እዚያው ጋሼ በጠቀሱት ሐይቅ ዳር ነው። ሪግስ የሚባለው ሚሲዮናዊ ደግሞ በ1852 ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሮዝበድ በሚባለው የላኮታ ይዞታ ላይ መምህሩ አልበርት ኋይት ሃት ሌላ አጻጻፍ አስተማሩ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ድርጅት በላያቸው ምልክት የበዛባቸውን ፊደሎች አሰራጨ። ወንድማችን ለሁሉም ዘዬ አንዱ ተመርጦ ቢጸድቅ ይሻላል ባይ ነው።

17. አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሐሳቡን በኃይል ተቃወመች። ማን ይመርጥ ትላለች። አንድ አጻጻፍ ሲጸድቅ የላኮታው ያሸንፋል፣ ምክንያቱም ተናጋሪውም መጽሐፉም ይበዛል። ከዚያ የያንክተን ልጅ አያቱ የሚሉትን ቃል መጽሐፉ ውስጥ ሲያጣው አያቱ የተሳሳቱ ይመስለዋል። በ2022 ስታንዲንግ ሮክ ላይ የሆነውን አስታወሰች። የአረጋውያኑ ድምፅና ቃል ተሰብስቦ በሌላ ሰው የባለቤትነት መብት ሥር ገባ የሚል ቅሬታ ተነስቶ፣ የነገዱ ምክር ቤት ድርጅቱን ከግዛቱ አስወጣ። ድርጅቱ ለቋንቋው የሠራው ሥራ እንዳለ ሁለቱም ያምናሉ። የማን ነው በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም። እዚህ ቦታ ሦስት አራት አጫጭር ቃላት ተወራውረዋል፣ አድሚኑ አጥፍቷቸዋል። እኔ የማደላው ለቁጥር 17 ነው።

18. ነገሩን ያለዘበችው የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ዊኖና ከተማ የምትኖር። የከተማዋን ስም ትርጉም አግኝታው ነው። ዳኮታዎች ልጅ ሲወለድ በአወላለዱ ተራ የሚሰጡት ስም አላቸው። የመጀመሪያዋ ልጅ ሴት ከሆነች ዊኖና ናት። የመጀመሪያው ወንድ ቻስኬ ነው። ከሚኒያፖሊስ ደቡብ ምዕራብ ያለችው ቻስካ ከዚያው ናት። ሻኮፒ ደግሞ የአለቃ ስም ነው፣ ስድስት ማለት። ትልቋ ልጇ ይህን ስትሰማ ዊኖና እኔ ነኛ ብላ ስትዘል ውላለች። ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የልጁን ተራ ጻፈ። ቁጥር አልሰጠኋቸውም፣ ግን ሁሉንም አንብቤአቸዋለሁ።

19. የዲሲው ወንድም ተመለሰ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ ቅሬታም አላነሳ። ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። እኛ ለወንድ ስጠኝ፣ ለሴት ስጪኝ እንላለን። እነሱም ይለያሉ ወይ?

20. የሥነ ልሳኗ እህታችንም ልቧ ራርቶ በእርጋታ መለሰችለት። ይለያሉ፣ ግን በተቃራኒው። እኛ የምንለየው የሚሰማውን ሰው ፆታ ነው፤ በላኮታ የሚለየው የሚናገረው ነው። ወንድ ሲያዝ መጨረሻ ላይ «ዮ» ይላል፣ ሴት «ዬ»። ወንድ ነገሩን ሲያረጋግጥ በ«የሎ» ይዘጋዋል። ስለዚህ ተማሪ የወንድም የሴትም ድምፅ መስማት አለበት፤ ከሴት አያቱ ብቻ የተማረ ወንድ ልጅ እንደ ሴት ይናገራል። ጥያቄው ጥሩ ነው ብላም አመሰገነችው።

ከዚያ የዘዬዎቹን ልዩነት በቃላት አሳየችን። ወደ ቤት መሄድ በላኮታ ግላ ነው፣ በያንክተን ክዳ፣ በሳንቲ ህዳ። መራብ በላኮታ ሎቺን፣ በያንክተን ዶቺን ነው። ሳንቲዎች ጋ ግን ቃሉ ራሱ ሌላ ነው፣ ዎቴህዳ። እንግዲህ የፊደል ለውጥ ብቻ አይደለም። ቢላዋ ደግሞ ሦስት ቦታ ሦስት ነው። ላኮታ ሚላ፣ ያንክተን ሚና፣ ምሥራቁ ኢሳን። ሳንቲ የሚለው ስም ራሱ ከኢሳን የመጣ ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ ቢላዋ በሚባል ሐይቅ ዳር ይኖሩ ስለነበር። መጨረሻ ላይ እኔን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ለእናት ቢላዋ አሳይተሽ ምን እንደሚሉ ስሚ። የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይተሽ አትወስኚ።

21. ይቺ የኔ ናት። ትናንት ሌሊት ሺፍቴ ሲያልቅ ቁርስ እስኪቀርብ ቆየሁ። ትሪው ላይ የተጠበሰ ዳቦ፣ በትንሽ ዕቃ ቅቤ፣ አንዲት ጫፏ ድፍን የሆነች ቢላዋ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ቢላዋዋን አንስቼ ምንም ሳልናገር አሳየኋቸው። ጥቂት አዩኝ፣ ይህን እንኳ አታውቅም እንዴ በሚል ዓይን።

«ሚና» አሉ።

ልጃቸው ደገመችው። ሚና። እናትየው ቢላዋዋን ከእጄ ወሰዱና ዳቦውን ራሳቸው ቀቡ፣ ግማሹን ለልጃቸው ሰጧት።